እንዳላማው የገዛው በሬ

እኛ ቤት እንጀራው የሚገኘው ከከብት ነው። ከማርባት አይደለም፤ ከመንዳት ነው። የሰው ከብት። ይኸው ተናገርሁት! አገር ያወቀውን እኔ ብሸፍነው ማንን ላታልል ነው? ስሜ ጥሩብርሃን ነው፤ የአበረ ሚስት ነኝ። ከደብረ ኤልያስ ወረድ ብላ ወዳለችው መንደራችን መጥታችሁ የአበረ ቤት የት ነው ብትሉ፣ ሰው በጣቱ አያሳያችሁም፤ በአገጩ ይጠቁምና ቶሎ ብሎ ያልፋል። አበረን ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል። እኔ ግን አንተ እለዋለሁ፤ ሲያንኮራፋብኝ የሚያድርን ሰው አንቱ ማለት አይሆንልኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። በጉንደ ወይን በኩል የጠፋ በሬ ሲነጋ ጉንደ ወይን አይገኝም። ከቤት ወደ ቤት፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ እየተቀባበሉ ያሳልፉታል። ጆሮው ይቆረጣል፣ ቀንዱ ይሞረዳል፣ በድሮው የእሳት ምልክት ላይ ሌላ ይተኮስበታል፤ ከዚያ ማንም በማያውቀው ገበያ ይሸጣል። በእኛ በኩል የጠፋውም እንዲሁ ወደ እነሱ ይሄዳል። የጉንደ ወይኑን ጫፍ የያዘው አያ እንዳላማው ነው፤ የእኛን ጫፍ የያዘው አበረ። አባቶቻቸውም እንዲሁ ነበሩ። ተው ያለ ሰው ክምሩ ይቃጠላል፤ ለፖሊስ የተናገረ ደግሞ... እሱን ተዉት፣ በስሙ ሻማ የማበራለት ሰው አለኝ። እኔ ጻድቅ ነኝ አልልም፤ በዚያው እንጀራ ነው የወፈርሁት። ብቻ ልጆቼን እዚህ ቤት ውስጥ ስወልዳቸው አምላኬን የለመንሁት አንድ ነገር ነው፤ ሳይገድሉም ሳይገደሉም እንዲያረጁልኝ።

ጠቡ የመጣው በወይኖ ነው። ወይኖ በሬያችን ነው። እናቱ ስትሞትበት ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ እኔ ነኝ በጠርሙስ ወተት እየጋትሁ ያሳደግሁት። ከፍ ሲል የጠላ አተላ አስለመድሁት። ሲደርስ እንደ እሱ የሚያርስ በአገሩ ጠፋ፤ አበረም ከልጆቹ አስበልጦ ይወደዋል እያልን እንስቅበት ነበር። ታዲያ አንድ ጠዋት ብንነሣ በረቱ ባዶ! ከአበረ በረት! ወይ ጉድ! እንኳን ሰው፣ ጅብም የአበረን በረት ዞሮ ነው የሚያልፈው። አበረ ግቢው መሐል ቆመና «ይህን የሚደፍር እንዳላማው ብቻ ነው» አለ። በቃ። ማን ጠየቀ? ማን አጣራ? ብዙም ሳይቆይ የእኛና የእነሱ ወንዶች ተታኮሱ። ከእነሱ የእንዳላማው የወንድም ልጅ ሞተ፤ ከእኛ ምስጋናው።

ምስጋናው የአበረ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ገና ይድህ ነበር፤ እናታቸው ሞታለችና ያደገው በእኔ ጀርባ ነው። ልጄ ገዳሙ አጎቴ ብሎት አያውቅም፤ ወንድሜ ነበር የሚለው። ምስጋናው ሲቀበር ገዳሙ አላለቀሰም። የሟቹን ክላሽ አነሣ፣ ትከሻው ላይ አንጠለጠለና ማንንም ሳያናግር ቤት ገባ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀጣዩ እሱ ነው፤ ወይ ገዳይ ወይ ሟች። ሁለቱም አልዋጥልሽ አለኝ።

ሽማግሌ ገባ። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ከወዲያ ወዲህ ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ። በመጨረሻ ደሙ በጋብቻ ይድረቅ ተባለ፤ የእኛ እስከዳር ለእንዳላማው ልጅ ለአንተነህ ትዳር። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ፤ ልጄን ለደመኛ ቤት! ዞር ብል እስከዳር ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትስቃለች። ለካስ ሁለቱ ማርቆስ ከተማ ሲማሩ ተያይተው፣ ተዋደው፣ ያን ሁሉ ተኩስ በስልክ አብረው ሲያለቅሱበት ኖረዋል! ሽማግሌዎቹ ልጅቱን ለሰላም ሠዋናት ብለው አንገታቸውን ሲደፉ፣ የእኔዋ ጉድ የሠርግ ጫማዋን መርጣ ጨርሳለች። «አንቺ ዓይን አውጣ!» ብዬ ቆነጠጥኋትና እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከምስጋናው ሞት ወዲህ ጥርሴ ሲታይ የመጀመሪያዬ ነበር።

በእኛ አገር ልጅ ሲዳር ሁለቱም ወገን ለሙሽሮቹ መቋቋሚያ ከብት ያቀርባል፤ ማጫ ይባላል። ማጫው በሽማግሌ ፊት የሚታይበት ቀን ተቆረጠና እነ እንዳላማው ወደ እኛ መጡ። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ደርሷል፣ በጉ ታርዷል። ሽማግሌዎች መሣሪያ ይቀመጥ ብለው ቢለምኑ፣ ከሁለቱም ወገን ክላሹን ከትከሻው ያወረደ የለም። ብቻ ፊቱ ሁሉ ፈታ ብሏል። አያ እንዳላማው አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ራሱ ሙሽራ መስሏል። አንድ ሁለት ጊዜ «ማጫዬን ስታዩ ትደነግጣላችሁ» ሲል ሰማሁት። አዎ፣ ደነገጥን!

ከብቶቹ እየተነዱ በግቢው በር ገቡ። እኔ ከዳሱ ጀርባ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ከመንጋው አንዱ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው በሬ፣ ተነጠለና ዳሱን ዞረ፤ ጎተራውን ዞረ፤ ቀጥ ብሎ እኔ ዘንድ መጣና አተላ ከማስቀምጥበት ገንዳ ውስጥ አፉን ከተተ። ገንዳው ከጎተራው ኋላ ነው፤ የቤቱ ከብት ካልሆነ መንገዱን አያውቀውም። ጆሮው ተቆርጧል፣ ቀንዱ ተሞርዷል፣ ታፋው ላይ የማላውቀው ምልክት አለ። «ወይኖ» ብለው ግን ዞሮ እጄን ላሰኝ። ሰው ሳያየው ልደብቀው ብዬ ነጠላዬን አውልቄ ጀርባው ላይ ጣል አደረግሁበት። እኔ ቂሏ፣ በሬ በነጠላ የሚሸፈን መስሎኝ!

«እማ!» አለኝ ገዳሙ ከኋላዬ። «ወይኖ ነው!»

«አይደለም ልጄ፣ መልኩ ብቻ ነው» ብል ማን ሊሰማኝ። ክላሹን ከትከሻው መዞ ወደ ዳሱ ሮጠ። «ወንድሜን የገደሉብኝ ሰዎች በሬያችንን ማጫ ብለው አመጡልን!» ብሎ ጮኸ። አግዳሚው ተገለበጠ፣ ጠላው ፈሰሰ፣ ሰው በሁለት ተከፍሎ ቆመ። የዚህኛው አፈሙዝ ወደዚያ፣ የዚያኛው ወደዚህ። አባ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን አንሥተው መሐል ገቡ። እስከዳር ከቤት ውስጥ «አባዬ! ገዳሙ!» እያለች ትጮኻለች። እኔ ስደርስ ገዳሙ አፈሙዙን የእንዳላማው ደረት ላይ አነጣጥሯል። አበረ ብቻ ከተቀመጠበት አልተነሣም። በሬውን ያያል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ንዴት አንቆት ነው አልሁ በልቤ።

እንዳላማው ፊቱ ቀላ። «ገዝቼ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን አልህ?» አለው ገዳሙ፤ አንቱታውም ቀረ።

«ከደምበጫ ገበያ ገዝቼ ነው! ለልጄ የሰው እንባ ያለበት ከብት አልሰጥም ብዬ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዛሁ!»

ከእኛ ወገን ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ። «እንዳላማው ገዛ! ስሙ እንግዲህ!» «ጅብ ጾም ያዘ በሉና!» የእሱ ሰዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ፤ እነሱም አላመኑትም። እኔ ግን አመንሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ከሌባ ጋር ኖሬያለሁ፤ ሌባ ሲዋሽ ይምላል፣ ደረቱን ይደቃል፣ ቅዱሳንን ይጠራል። ይህ ሰው አልማለም። ያፈረው መግዛቱን ነው፤ እንዳላማውን የሚያህል ሰው ገበያ መሐል ቆሞ የበሬ ዋጋ ሲከራከር መታየቱን።

ቢሆንም እውነቱን ማን ይቀበለዋል? ነገሩን በእልልታ ልሸፍነው አሰብሁና ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል አልሁ። «ደስ ይበላችሁ! አያ እንዳላማው በሬያችንን ካሳ አድርገው መለሱልን! እንዲህ ነው ወንድ! ጥፋቱን አምኖ በማጫ የሚመልስ!» አልሁ። ዘዴ መሆኑን አባ ገብረ ሚካኤል ወዲያው ገባቸው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካሳ ነው፣ ካሳ ነው» ማለት ጀመሩ። የእኛዎቹም ትንሽ ላላ አሉ። እንዳላማው ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

ዝም ይበላ! «እታለም፣ ተይ» አለኝ። «የሰረቅሁትን ሁሉ አምጡና ቁጠሩብኝ፤ አንዱንም አልክድም። ያልሰረቅሁትን ግን ተሸክሜ አልሄድም። እኔም ስም አለኝ!»

አይ ሰው! የሌብነት ስሙ እንዳይበላሽበት! ልስቅም ልጮህም ነበር፤ ግን ገዳሙ ክላሹን አቀባበለ። ያቺን ድምፅ አውቃታለሁ። የልጄ ጣት ምላጩ ላይ ስትገባ በዓይኔ አየሁ። ዓይኑን ሲያጠብ፣ ጥርሱን ሲነክስ። በሆዴ የተሸከምሁት ልጅ በፊቴ ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ነው፤ እሱ ከተኮሰ ደግሞ ወዲያ ማዶ ያሉት በእሱ ላይ ይተኩሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል አስቤበት ከአፌ አልወጣም።

«እኔ ነኝ የሸጥሁት!» አልሁ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ነኝ። አበረ አስቀይሞኝ ነበር። እልህ ያዘኝና የሚወደውን ላሳጣው ብዬ ወይኖን አውጥቼ ለደምበጫ ነጋዴ ሸጥሁት። አያ እንዳላማው እውነታቸውን ነው፤ ገዝተው ነው።»

መጀመሪያ ከወዲያ አንዱ ፈነዳ። «ከአበረ በረት በሬ የሰረቀችው ሚስቱ!» አለ። «ሌባ ሌባን ቢሰርቀው ምን ይደንቀው!» አለ ሌላው። ሳቁ ከዚያም ከዚህም ተያያዘ፤ አፈሙዙ ሁሉ ወደ መሬት ወረደ። የገዳሙም ወረደ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ የሚሳቅብኝ ሳቅ እንደዚያን ዕለት ጣፍጦኝ አያውቅም። ሳቁ ሲያልቅ ግን እንዳላማው ቀስ ብሎ «ሁለት ሰው ሞቶበታል እኮ፣ እታለም» አለ።

አዎ። ያን ስናገር አልታሰበኝም ነበር። በሬውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ሬሳ ጨምሬ ነው በራሴ ላይ የጫንሁት። ታዲያ ወደ ኋላ ልመለስ? ምን ቆርጦኝ! የጀመርሁትን ልጨርሰው አልሁና ወደ ግቢው ካብ ሄድሁ። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ነው። ከካቡ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣሁ፤ ከበደኝ፤ ግን ተሸከምሁት። ከሁለቱ ወገን መሐል ቆሜ «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ፣ ስለ ሟቾቹ ነፍስ ብላችሁ ማሩኝ» አልሁ። ከመሬት በስተቀር አይታየኝም፤ የሰው እግር ብቻ።

ከእግሮቹ መሐል የገዳሙን ጫማ አወቅሁት። ፊቴ መጥቶ ቆመ። «ምስጋናውን የገደልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። እማ አላለኝም። ጫማው ዞረና ሄደ። ያ ቃል ከድንጋዩ በላይ ከበደኝ፤ ግን ቃሌን አልመለስሁም፤ ክላሹን ካቡ ላይ ጥሎት ሲያልፍ ሰምቻለሁና።

ሽማግሌዎቹ ሊያወግዙኝ ይሁን ሊምሩኝ ተቸግረው ሲያጉተመትሙ ነው አበረ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የከፈተው። «በቃ! ድንጋዩን አውርዱላት!» አለ። «ነግራኝ ነበር። ምስጋናው ከሞተ በኋላ ነግራኛለች፤ ውርደት ስለሆነብኝ ነው ዝም ያልሁት።»

አንገቴን ቀና ላደርግ ብል ድንጋዩ አላስችል አለኝ። ነገርሁት? እኔ? ያልሸጥሁትን ሸጥሁ ብዬ መቼ ነው የነገርሁት? ዶሮ ብትጠፋ ቤት የሚያፈርስ ሰው፣ ወይኖን ሸጥሁብህ ስለው ዱላ ያነሣል ብዬ ነበር የጠበቅሁ። አልተቆጣም። አንድ ቃል አልተቆጣኝም። እዚያው ድንጋይ ሥር ሆኜ ሁሉ ነገር ገባኝ። አባ ገብረ ሚካኤል «ይቅር በሏት» አሉ፤ ሰው ሁሉ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ ድንጋዩን አወረዱልኝ። ቀና ስል አበረ እኔን ማየት አቅቶት ጥሬ ሥጋ እንደሰረቀ ውሻ መሬት መሬቱን ያያል።

ሠርጉ ሆነ። ያማረ ሠርግ! እስከዳር ጨፍራ ጨፍራ ያቺ የመረጠቻት ጫማ ተረከዟ ተሰበረ። እንዳላማውና አበረ በአንድ ጽዋ ጠጡ፤ ደሙ እንዲደርቅ በመስቀል ማሉ። እኔ ወጥ ሳወጣ፣ ጠላ ሳስቀዳ ቆየሁ። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አበረን በረት ውስጥ ያገኘሁት።

«ነግሬህ ነበር?» አልሁት። «አበረ፣ ያልሠራሁትን የነገርሁህ መቼ ነው?»

ጭድ ላይ ቁጭ አለ። ተናገረው። የሌባ ከብት የሚነዳበትን መንገድ ከእንዳላማው ነጥቆ ለብቻው ሊይዘው ፈልጎ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ያለ ምክንያት በእንዳላማው ላይ አይነሡለትም። ስለዚህ ወይኖን ራሱ በሰው እጅ ደምበጫ ልኮ አሸጠውና «ተሰረቅሁ» አለ። «ማስፈራራት ብቻ ነበር ሐሳቤ» አለኝ። «ሰው ይሞታል አላልሁም።»

ሰው ይሞታል አላለም! ክላሽ አስታጥቆ ልኮ ሰው ይሞታል አላለም! ያ በጀርባዬ ያዘልሁት ልጅ ፊቱ መጣብኝና ያገኘሁትን ጭድ ማንሻ መንሽ ይዤ ቆምሁ። አልመታሁትም። ብመታው ይቀለው ነበር። «አንገቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ያንተ ነው» አልሁት። «እዚያው ካቡ ሥር አለ። ልጄ ዘንድ ተሸክመኸው ሂድና ንገረው።»

«እኔ? አበረ ድንጋይ ልሸከም?» አለ። ተነሥቶ ጋቢውን አራገፈና ወጣ።

ራሴ ለልጄ ልነግረው ደግሞ ፈራሁ። ነገሩ ትኩስ ነው፤ ገዳሙ በአባቱ ላይ ቢነሣስ? አንድ ነገር ግን እዚያው አስፈጸምሁት፤ ገዳሙ ከዚህ ሥራ ወጣ። አበረ በቤታችን የተወለዱትን ጊደሮች ሸጠና ባጃጅ ገዛለት፤ ደምበጫ ሄዶ ሰው ማመላለስ ጀመረ። ባጃጇን ከአባቱ እጅ ተቀበለ፤ የአባቱን ጉልበት ሳመ፤ እኔን ሳይሰናበት ሄደ። ስደውልለት አያነሣም። ስልኩ ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ ሲጠራ አበረ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። ይስማ!

እንደምታስቡት ግን ስተክዝ አልኖርሁም። እውነቴን ነው። ገዳሙ ቢጠላኝም አለ፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ እጁ ደም አልነካም። የለመንሁት ይኸው አልነበር? ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «እትዬ ጥሩ፣ የሚሸጥ በሬ የለም?» ይሉኛል። «ባልሽን አምጪው፣ እሸጥልሻለሁ!» እላቸዋለሁ፤ እንሳሳቃለን። አበረም ቢሆን ከብት መንዳቱን ተወ። ማንም ሳያዝዘው ሞፈር ቀንበሩን አንሥቶ ማረስ ጀመረ፤ ትልሙ ጠማማ ነው፣ እኔም ጠማማ ነው ብዬ ከመናገር ወደኋላ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚበላኝ። ምግብ ሳቀርብ መሶቡን ገዳሙ ይቀመጥበት ወደነበረው በኩል አዞራለሁ፤ እሱ ግን የለም።

የምስጋናው ሙት ዓመት ደረሰ። ገዳሙ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ አባቱን ጉልበቱን ስሞ፣ ሽማግሌዎቹን ሰላም ብሎ፣ ሴቶቹን ሰላም ብሎ እኔ ጋ ሲደርስ እንደ አጥር አለፈኝ። ዝክሩን የማድለው እኔ ነበርሁ። ድፎውን ቆርሼ ስዘረጋለት እጄን አልፎ ከጎረቤቴ ተቀበለ። ጎረቤቴ እንኳ አፈረችልኝ። እኔ የተዘረጋውን ቁራሽ ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ መልሼ መሶቡ ውስጥ ከተትሁት። አበረ ሁሉንም አየ። ጉልበቱ የተሳመው ሰውዬ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

በማግሥቱ ካቡ ሥር ብሄድ ድንጋዩ የለም። አበረም የለም፤ አባ ገብረ ሚካኤልም የሉም። ጉንደ ወይን ሄደዋል። አባ ኋላ እንደነገሩኝ፣ አበረ እንዳላማው ደጅ ላይ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ ያደረገውን አንድ በአንድ ተናዘዘ። እንዳላማው ቀትር እስኪሆን አቁሞት «ስሜን አጥፍተህብኝ ነበር» ብሎ ተቆጣ። የወንድሙ ልጅ ሲነሣ ደግሞ አለቀሰ፤ ሰዎቹም መሣሪያ አነሡ። ያን ጊዜ እስከዳር ሆዷ ገፍቶ ነበርና ወጥታ አባቷ አጠገብ ቆመች፣ አንተነህም ከጎኗ። እንዳላማው ተመለከታቸውና «የማልሁት በመስቀል ነው። እሱም የልጅ ልጄ አያት ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ።

አበረ ሲመለስ ተሰብሮ የመጣ መስሎኝ ነበር። የቀለለው ይመስላል። ግን አንድ ቀረው፤ እንዳላማውን ከነክላሹ ያልፈራ ሰው የገዛ ልጁን ፈራ። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ሲል ከረመ። ከዚያ በደምበጫ ገበያ ቀን «ተነሺ» አለኝ፤ ድንጋዩን በኩንታል ከትቶ ተሸክሟል። በማርቆስ በኩል በሚኒባስ ሄድን። ረዳቱ ኩንታሉን ሊጭን ሲያነሣው ወገቡ ተንቋቋ፤ «አባቴ፣ ምንድን ነው?» አለ። «ድንጋይ» አለው አበረ። «ድንጋይም ቢሆን ይከፈልበታል» አለ ረዳቱ። ከፈለ። ስቄ ልሞት!

ደምበጫ ስንደርስ ገበያው ሞቋል፤ ፈረሱ፣ ባጃጁ፣ እህል የጫነው አህያ ተደባልቋል። ገዳሙ ከሌሎቹ ሾፌሮች ጋር ባጃጁን ተደግፎ ቆሟል። አበረ ኩንታሉን ፈታ። ድንጋዩን አንገቱ ላይ አደረገ። አገር የሚፈራው አበረ፣ ጎንበስ ብሎ በገበያተኛው መሐል ሄደ፤ ሰው ወዲያ ወዲህ እያለ መንገድ ለቀቀለት። ልጁ ፊት ቆመ።

«ወይኖን የሸጥሁት እኔ ነኝ» አለ። «ምስጋናውን የገደልሁት እኔ ነኝ። እናትህ በሬም አልሸጠች፣ ሰውም አልገደለች። እንዳትተኩስ ብላ ነው የዋሸችው። እኔ እያወቅሁ ዝም አልሁ።»

ባጃጆቹ ሞተራቸውን አጠፉ። ገዳሙ አባቱን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ። ፊቱ ነጣ።

«እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አልሽ?»

«ጣትህ ምላጩ ላይ ነበራ!» አልሁት፤ ያን ሁሉ ጊዜ የያዝሁት እንባ ገነፈለ። በገበያ መሐል እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ፤ አላፍርም።

መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ተነሥ ብለው አይነሣም፤ ጫማዬን ይዞ ያለቅሳል። በጆሮው ይዤ አነሣሁት። አበረ ያለበት ቆሟል፤ ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። አንድ ሽማግሌ አሳዘናቸውና «አንተ ልጅ፣ ይቅር በለው እንጂ! አባት አይደለም ወይ?» አሉት።

«ይቆይ» አለ ገዳሙ፤ እንባውን በክንዱ እየጠረገ። «እሷ ዓመቱን ሙሉ ተሸክማዋለች።»

እኔም አውርድለት አላልሁም። አበረም ይገባኛል እንዳለ ሰው ይበልጥ ጎንበስ አለ። ከዚያ ገዳሙ ራሱ ሄደ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ መንገድ ዳር አስቀመጠው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። አበረ ቀና ማለት አልቻለም፤ ወገቡ ተይዟል። ልጁ በብብቱ ገብቶ ደገፈውና ከባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

ወደ እኔ ዞረ።

«እማ» አለኝ፣ «ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም» አልሁት። ማርቆስ ላይ እስክጠግብ በልቼ ነበር።